በቀላል የስፖርት አውሮፕላን የአውስትራሊያን በረሃ ለመዞር፦ ከካርታው በፊት ሚዛኑ

የአውስትራሊያን መሃል አገር፣ አውትባክ የሚባለውን ሰፊ ደረቅ ምድር፣ በሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ለመዞር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚዘረጋው ካርታ ነው። እኔ ግን ከካርታው በፊት ሚዛን እንዲያወጡ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዞ መንገዱን፣ ማረፊያውን፣ የመነሻ ሰዓቱን፣ አልፎ ተርፎም አብሮዎት የሚሄደውን ሰው የሚወስነው አውሮፕላኑ የሚሸከመው ኪሎ ነው።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። በመሬት ላይ የሚያርፍ ቀላል የስፖርት አውሮፕላን ሲነሣ ከነጭነቱ ከ600 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ባዶውን 340 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን ብንወስድ ለእኛ የሚተርፈን 260 ኪሎ ነው። ከነልብስና ከነጫማቸው 85፣ 85 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡበት 90 ኪሎ ይቀራል። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.72 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ 100 ሊትር የሚይዘው የነዳጅ ጋን ሲሞላ 72 ኪሎ ይሄዳል። በቀሪው 18 ኪሎ ላይ 10 ሊትር ውሃ ሲጫን የሚተርፈው 8 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ ድንኳኑም፣ መኝታውም፣ መፍቻውም፣ ዘይቱም፣ የማሰሪያው ገመድም፣ ቅያሪ ልብሱም በዚህች 8 ኪሎ ውስጥ መግባት አለባቸው። ሁሉንም ዕቃ፣ ራስዎንም ጭምር፣ በግምት ሳይሆን በሚዛን ይለኩ፤ ጓደኛዎ ክብደቱን ሲናገር ከእውነቱ ጥቂት ኪሎ ቢቀንስ አይፍረዱበት፣ ግን ሚዛኑ ላይ ያውጡት።

ስለ ፈቃዱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እነዚህን አውሮፕላኖች ለመዝናኛ የሚያበርሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ሪክሪዬሽናል አቪዬሽን አውስትራሊያ በተባለው ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩም ለሲቪል አቪዬሽን ደኅንነት ባለሥልጣኑ ይጠየቃል። መሠረታዊውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 20 ሰዓት መብረር፣ ከዚህም ውስጥ 5 ሰዓቱን ለብቻ መብረር ግድ ነው፤ ነገር ግን ይህ ብቻውን ከማሠልጠኛው አካባቢ ስለማያርቅ፣ የረዥም ርቀት በረራና ተሳፋሪ የመያዝ ተጨማሪ ፈቃዶች ያስፈልጋሉ። በረራው በቀን ብርሃን፣ መሬትን በዓይን እያዩ የሚደረግ ነው።

ወቅቱ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ማለትም ቀዝቃዛው የአውስትራሊያ ክረምትና ዳርቻው ነው። በበጋ የበረሃው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከአብራሪው ይልቅ የሚቸገረው አውሮፕላኑ ነው፤ ሞቃት አየር ስስ ስለሆነ ክንፉም፣ ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም አቅማቸው ይቀንሳል። አሊስ ስፕሪንግስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ጫማ ያህል ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት ግን አየሩ ከ5,000 ጫማ በላይ የሆነ ያህል ይሳሳል። አውሮፕላኖች ከቦሌ ሲነሡ ማኮብኮቢያውን ረዥም ርቀት እንደሚበሉት ያስተዋለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ልዩነቱ ቦሌ ሁልጊዜም ከፍ ያለ ቦታ መሆኑ፣ እዚህ ግን ከፍታውን የሚያመጣው የቀኑ ፀሐይ መሆኑ ነው።

በክረምትም ቢሆን የቀኑ በረራ በጠዋት ይጠናቀቅ። ፀሐይ እንደወጣች፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ተነሥቶ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ማረፍ ጥሩ ልማድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከጋለው መሬት የሚነሣው አየር ትንሿን አውሮፕላን እንደ ገለባ ያንገላታታል። በነገራችን ላይ ሰዓት እዚህ አገር ወጥመድ አለው። መስመሩ ከሚያልፍባቸው ክፍላተ ሀገር ኩዊንስላንድ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) በ10 ሰዓት፣ ደቡብ አውስትራሊያ ደግሞ በ9 ሰዓት ተኩል ይቀድማሉ፣ የአየር ትንበያና የበረራ ማስታወቂያ የሚጻፈው ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በልቡ በኢትዮጵያ ሰዓት የሚያስብ ሰው አራተኛ ሰዓት ስለሚጨምርበት፣ ሁሉንም በአንድ ወረቀት በዓለም አቀፉ ሰዓት ብቻ ጽፎ ጉልበቱ ላይ ማሰር ይበጀዋል።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። ለመጀመሪያ ጉዞ የምመርጠው መስመር ከብሮክን ሂል ተነሥቶ በቲቡቡራና በኢናሚንካ በኩል ወደ በርድስቪል፣ ከዚያም ወደ ማሪ፣ ወደ ዊሊያም ክሪክና ወደ ኩበር ፒዲ የሚወስደው ነው። ከበርድስቪል ወደ ዊሊያም ክሪክ በቀጥታ መብረር ያጓጓል፤ በካርታው ላይ 445 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ቀጥታው መስመር ሰው በማይኖርበት አሸዋና ጨው ላይ ስለሚያልፍ፣ ሞተር ቢጠፋ ከታች የሚያይዎት የለም። የበርድስቪልን የመኪና መንገድ ተከትለው ወደ ማሪ ቢወርዱ ጉዞው ይረዝማል፤ በምላሹ ግን ከሥርዎ መንገድ፣ በመንገዱም ላይ አልፎ አልፎ የሚያልፍ መኪና ይኖራል። እኔ ያለማመንታት መንገዱን እመርጣለሁ።

የነዳጁን ሂሳብ በዚሁ መስመር እንየው። ከበርድስቪል ማሪ 436 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ በ100 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር የሚበርና በሰዓት 18 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ፣ ነፋስ በሌለበት 42 ሊትር ይበቃል። ከፊት የ20 ኖት ነፋስ ከመጣ ግን ጉዞው ወደ 3 ሰዓት ይጠጋና ፍጆታው 53 ሊትር ይሆናል። ሕጉ ለቀን በረራ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ይጠይቃል፤ እኔ በበረሃ ሙሉ የ1 ሰዓት እይዛለሁ፣ ይህም 71 ሊትር ያደርሰዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጋኑ ባይሞላም ግድ የለም፣ በተረፈው ኪሎ ሻንጣ ልጫን ይላል። የማሪ ማኮብኮቢያ በዝናብ ቢጨቀይ ወይም በአቧራ ቢሸፈንስ? ቀጣዩ ጥሩ ማረፊያ፣ ሊ ክሪክ፣ 110 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ በዚያው ነፋስ ሌላ 13 ሊትር ይፈልጋል። ሞተር ማሞቂያውና ወደ ላይ መውጫው ሲታከል ወደ 90 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ጋኑ ይሞላል፣ ውሃውም ይጫናል፣ የሚቀረው ሻንጣው ነው።

ነዳጅ በየቦታው እንዳለ አድርገው አያስቡ። ከመነሣትዎ በፊት ባሉት ቀናት ወደ እያንዳንዱ ማረፊያ ስልክ ደውለው የአውሮፕላን ቤንዚን መኖሩን፣ ማደያው በየትኛው ካርድ እንደሚከፈትና ማን እንደሚቀዳ ይጠይቁ። አብዛኞቹ ቀላል አውሮፕላኖች የሚጠቀሙት ሮታክስ 912 ሞተር ነው፤ ባለ 100 ፈረስ ጉልበቱ ኦክቴኑ 95 የሆነውን የመኪና ቤንዚን ስለሚቀበል፣ በቸገረ ጊዜ ከመንገድ ዳር ማደያ በጀሪካን ማምጣት ይቻላል። ኢታኖል የተቀላቀለበትን ግን ይተዉት። ይኸው ሞተር የአውሮፕላን ቤንዚንም ይጠጣል፤ ሆኖም ቤንዚኑ ውስጥ ያለው እርሳስ ዘይቱን ስለሚያበላሽ፣ በ100 ሰዓት ይቀየር የነበረው ዘይት ቢያንስ በየ50 ሰዓቱ መቀየር አለበት። በጀሪካን የመጣ ነዳጅ ሁሉ በማጣሪያ ይቀዳ፤ ከቀዱም በኋላ ከጋኑ ሥር በብርጭቆ ጥቂት አውጥተው ውሃና አሸዋ እንደሌለው በፀሐይ ይመልከቱ።

የውሃውን ነገር አጥብቄ የምናገረው በታሪክ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1929 ኪት አንደርሰንና ቦብ ሂችኮክ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ የጠፋውን የዝነኛውን አብራሪ የቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝን አውሮፕላን ለመፈለግ ኩካበራ በተባለች ትንሽ አውሮፕላን ከአሊስ ስፕሪንግስ ተነሡ። ሞተሯ ታውኮባቸው በታናሚ በረሃ ወረዱ። ሞተሩን ጠገኑት፤ ነገር ግን በቁጥቋጦው መካከል ለመነሻ የሚበቃ መንገድ መመንጠር አቃታቸው፣ ውሃቸውም ጥቂት ነበርና በጥም ሞቱ። ሲፈለጉ የነበሩት ሰዎች ግን በሕይወት ተገኙ። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛ፣ በሰላም ማረፍ ማለት መዳን ማለት አይደለም፤ ሁለተኛ፣ ውሃ በአንድ ትልቅ ዕቃ ሳይሆን በብዙ ትናንሽ ጠርሙሶች ተከፋፍሎ፣ ከፊሉም ቀበቶ ሲፈቱ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። በግዳጅ ካረፉ ከአውሮፕላኑ አይራቁ፤ ከአየር ላይ አንድን ሰው ከማየት ነጭ ክንፍን ማየት እጅግ ይቀላል፣ ክንፉም ጥላ ይሆናል።

የድረሱልኝ ምልክት የሚልከው መሣሪያ ከተነሡበት ቦታ ከ50 የባሕር ማይል (93 ኪሎ ሜትር ያህል) በላይ ለሚርቅ በረራ ግድ ነው። በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ባትሪው ያላለፈበትና በስምዎ የተመዘገበ ይሁን፤ ምዝገባው በነጻ ነው። ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በሰውነትዎ ላይ ይታጠቁት። የእጅ ስልክ ከከተማ ከወጡ በኋላ ብዙም ስለማይሠራ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ መጨመር ገንዘቡን ያወጣል። በአየር ላይም ከፍ ብለው ይብረሩ፦ ከመሬት 7,500 ጫማ ላይ ያለ አውሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ቁልቁለት አሥር ሜትር ወደ ፊት የሚንሸራተት ከሆነ፣ ነፋስ በሌለበት 23 ኪሎ ሜትር ያህል ማረፊያ የመምረጥ ዕድል አለው። ራዲዮውም ከላይ ሲሆን ሩቅ ይሰማል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል።

ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ከ10 የባሕር ማይል ርቀት ጀምረው በራዲዮ ይናገሩ፤ ለቦታው የተለየ የራዲዮ ቁጥር ካልተሰጠው በስተቀር 126.7 ሜጋኸርዝ ነው። መልስ የሚሰጥ ሰው ባይኖርም ይናገሩ። ከዚያ በማኮብኮቢያው ላይ አንዴ ዝቅ ብለው ያልፉና ከብት፣ ኢሙ የተባለውን ትልቅ ወፍ፣ ካንጋሩ፣ ጉድጓድና የነፋሱን አቅጣጫ ይመለከታሉ። የግል የከብት እርባታ ማኮብኮቢያ ላይ ለማረፍ አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ በአቦርጂናል ሕዝቦች መሬት ላይ ደግሞ የመግቢያ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። በጠጠር ላይ ካረፉ በኋላ ቆመው ሞተሩን አያጋልቡት፤ ፕሮፔለሩ ጠጠሩን ስቦ ያነሣና የራሱን ጠርዝ ይበላል። የመነሻውን ፍተሻ ቀስ ብለው እየተንቀሳቀሱ ወይም ጠንካራ መሬት ፈልገው ያድርጉት።

በርድስቪል ላይ ይህ ሁሉ ይቀላል፤ እ.ኤ.አ. በ1884 የተመሠረተው የከተማዋ ሆቴል ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ተሻግሮ ስለሆነ፣ አብራሪው አውሮፕላኑን አስሮ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በእግሩ ይሄዳል። ማሰሩ ግን አይዘለል። ሦስት ረዣዥም የብረት ችካሎች፣ መዶሻና ገመድ ይያዙ፤ ደመና በሌለበት ቀትር ድንገት የሚነሣ የአቧራ አዙሪት ያልታሰረ አውሮፕላን ይገለብጣል። ሌላው ጠላት ተርብ ናት። የፍጥነት መለኪያው ቱቦና የነዳጁ ጋን መተንፈሻ ሳይከደኑ ከቆዩ፣ ተርቧ ለሻይ በተቀመጡበት ጊዜ ውስጥ በጭቃ ልትደፍናቸው ትችላለች። ቱቦውን ቀይ ጨርቅ በተንጠለጠለበት ክዳን ወዲያው ይሸፍኑ፤ መተንፈሻውን ደግሞ ጠዋት በዓይንዎ ይመልከቱ።

ጠዋት ላይ የሮታክሱን ዘይት ከመለካትዎ በፊት ማስነሻው መጥፋቱን አረጋግጠው ፕሮፔለሩን በእጅዎ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ያዙሩት፤ ወደ ኋላ ፈጽሞ አይዙር። ከተወሰኑ ዙሮች በኋላ ከዘይቱ ጋን ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ዘይቱ ከሞተሩ ተመልሶ ገብቷል ማለት ነውና ያን ጊዜ ይለኩ። ሳይዞር የተለካ ዘይት ያነሰ ስለሚመስል ያለቦታው ዘይት ያስጨምራል።

ከማሪ ወደ ዊሊያም ክሪክ ያለው 187 ኪሎ ሜትር ከጉዞው ሁሉ የምወደው ነው። መሪዎ ዘ ጋን የሚባለው ባቡር ይሄድበት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተዘጋው አሮጌ መስመር ሲሆን፣ በቀኝ በኩል ካቲ ታንዳ፣ ማለትም ኤር የተባለው የጨው ሐይቅ፣ ነጭ ሆኖ ይዘረጋል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በታች 15 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከዳርቻው በላይ ዝቅ ብሎ የሚበር ሰው የከፍታ መለኪያው ከመሬት በላይ ያለውን ከፍታ አሳንሶ ሲያሳየው ያያል። በጨው ላይ ሲበሩ ግን ይጠንቀቁ፤ ነጩ መሬትና የነጣው ሰማይ ሲገናኙ አድማሱ ስለሚጠፋ፣ ዓይን ከፍታን መለየት ያቅተዋል። ውሃ በገባባቸው ዓመታት ደግሞ ጎብኚ የጫኑ አውሮፕላኖች ስለሚበዙ፣ ለአካባቢው የተመደበውን የራዲዮ ቁጥርና የበረራ ሥርዓት ኤርሳ ከተባለው የማረፊያዎች መመሪያ አስቀድመው ያንብቡ።

የመጨረሻው ሥራ የሚሠራው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ከመነሣትዎ በፊት ናይፕስ በተባለው የበረራ ማስታወቂያ ሥርዓት ሰርታይም ያስመዘግባሉ፤ ይህም እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ ማለት ነው። ሲያርፉ ሻንጣ ከማውረድዎ፣ አውሮፕላኑን ከማሰርዎ፣ ውሃም ከመጠጣትዎ በፊት ይህን ሰዓት ያሰርዙ። ስልክዎ ካልያዘ ወደ ሆቴሉ ገብተው የመስመር ስልክ ይለምኑ።