ሃይብሪድ ሃርድ ዲስክ ላይ ከምትሠሯቸው ስህተቶች

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አንድ ተማሪ መጣ። «ጋሼ፣ 24 ጂቢ ራም ብለው ሸጡልኝ፤ 8 ብቻ ነው የሚያሳየኝ» አለ። ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

እንግዲህ ስሙኝ። ሃይብሪድ ማለት ቀርፋፋ ሃርድ ዲስክ ከትንሽ ፈጣን ማከማቻ ጋር ሲጣመር ነው። 8ቱ ራም ነው፤ የከፈታችኋቸው ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ። 16ቱ ግን ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ኦፕቴን የሚባል ትንሽ ካርድ ነው። ሥራው ቀርፋፋውን ሃርድ ዲስክ ማገዝ ነው፤ ደጋግማችሁ የምትከፍቱትን ነገር ይይዝና ቶሎ ያቀርባል። ስሙ «ኦፕቴን ሜሞሪ» ስለሆነ ሻጩ ይደምርና 24 ብሎ ይለጥፍበታል። ራም አይደለም! ክሮም ላይ ሠላሳ ታብ ከፍታችሁ ላፕቶፑ ሲንተፋተፍ ኦፕቴኑ አያድናችሁም። ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ታስክ ማኔጀር ክፈቱና «ሜሞሪ» የሚለውን እዩ። ራማችሁ እሱ ነው። ሻጩ ቢኮሳተር ይኮሳተር።

ካርዱንም ዝም ብላችሁ አትንቀሉት። እኔ ነቅያለሁ። የአንዲት መምህርት ላፕቶፕ ነበር፤ አቧራ ላጸዳ ብዬ አወጣሁት፤ ሳልመልሰው ሳስነሳው ዊንዶውስ እምቢ አለ። የፈተና ውጤት በሙሉ እሱ ላይ ነው። ላብ በላብ ሆንኩ። ካርዱና ዲስኩ አንዴ ከተጣመሩ እንደ አንድ ዲስክ ነው የሚሠሩት፤ ግማሹን ነቅላችሁ ግማሹ አይነበብም። ደግነቱ መልሼ ስሰካው ተነሳ። መጀመሪያ በኢንቴል ፕሮግራም ኦፕቴኑን ዲሴብል አድርጉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ካቻቢቴው ከዚያ ይነሳል።

ፍላሹ (ሳህን የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ዲስኩ ውስጥ አብሮት የተገጠመው ሃይብሪድ ሌላ ነው። ለምሳሌ የሲጌት ፋየርኩዳ 1 ቴራው ውስጥ 8 ጂቢ ፍላሽ አለ። «ዊንዶውሱን 8ቱ ላይ ጫንልኝ» የሚሉኝ አሉ። አይቻልም። እዚያ ምን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ዲስኩ ራሱ ነው። ስለዚህ በገዛችሁበት ቀን «ይሄማ ቀርፋፋ ነው» ብላችሁ አትመልሱት፤ ጥቂት ቀን አስነሱት፣ የምትደጋግሙትን ይለምዳል። ፊልም በገፍ ስትገለብጡ ግን ያው ተራ ሃርድ ዲስክ ነው። ፍጥነት ከፈለጋችሁና ኪሳችሁ ከቻለ ኤስኤስዲ (ሙሉ በሙሉ በፍላሽ የሚሠራ ዲስክ) ግዙና ተገላገሉ።

የዲስኩን ውፍረት ለኩ። 9.5 ሚሊሜትሩ 7 ሚሊሜትር ቦታ ውስጥ አይገባም፤ በመዶሻም ቢሆን።

«ፍላሽ አለው፣ አይጎዳም» ብላችሁ ላፕቶፑን ሳታጠፉ ቦርሳ ከትታችሁ ባጃጅ ላይ አትውጡ። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ በፀጉር ስፋት እንኳ አይርቅም። የጅማን ኮብልስቶን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ወዲያው አጥፉት፤ «እስቲ አንዴ ልሞክር» እያላችሁ ስታስነሱት ነው የሚያልቅለት።

የምትገዙት ዲስክ ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ ስንት ሰዓት እንደሠራ እዩ።

ለተማሪው ኦፕቴኑን አውጥቼ ኤስኤስዲ ገጠምኩለት። ካርዱን እያገላበጠ «ጋሼ፣ ይሄን የሚገዛ አይጠፋም አይደል?» አለኝ።

«አይጠፋም። ራም ነው ብለህ እንዳትሸጠው እንጂ።»