«ፋብሪካው እንዲህ ያለ ሽጉጥ ቢሠራ» ለምትሉ፦ ምኞት እንዴት ይጻፋል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሽጉጥ አፎት እሰፋለሁ። አባቴ ዝናር ሰፊ ነበር፤ እኔ ጊዜው ወደ ሽጉጥ ሲያዘነብል አፎት ላይ ቀረሁ። ደንበኞቼ ፈቃድ ያላቸው ገበሬዎችና ነጋዴዎች፣ ጥበቃዎችና ጡረታ የወጡ ፖሊሶች ናቸው። ሊያስለኩ መጥተው የሚያነሱት ወሬ አይለወጥም፤ «ምናለ ፋብሪካው ይችን እንዲህ አድርጎ ቢሠራት!» አንዱ ቀጠን ትበል ይላል፣ ሌላው ብዙ ትጉረስ ይላል፣ ሦስተኛው ሁሉንም አንድ ላይ ካልሆነ ይላል። ወሬው ደስ ይላል። ግን አብዛኛው ለፋብሪካ ቢላክ መሐንዲሱ የሚይዘው ጫፍ አያገኝለትም። መሐንዲስ የሚይዘው ምኞት እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቆዳ ወጥሬ ካየሁት ልንገራችሁ። አዋጅ ካልጠራሁ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ተሠርቶ እንዳይሆን መጀመሪያ እዩ

በቢቸና በኩል የመጣ ደንበኛ ማካሮቭ የምትባለውን የሩሲያ ሽጉጡን እያገላበጠ «ይች 8 መጉረሷ ነው የሚያናድደኝ፣ ምናለ 12 ብትጎርስ» አለኝ። ሩሲያዎቹ ፒኤምኤም የሚሏትን ባለ 12 ጎራሽ ማካሮቭ ከሠሯት ቆይተዋል። «ቶካሬቭ ሴፍቲ ኖሮት ጥይቱም 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን» የሚልም አለ። የሩሲያው ሽጉጥ ቶካሬቭ እውነትም ሴፍቲ፣ ማለትም ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ነገር፣ የለውም፤ መቺው በግማሽ ተስቦ የሚቆምበት ጥርስ ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን ሃንጋሪዎች ለግብፅ ቶካጂፕት 58 ብለው የሠሩት ሽጉጥ ሴፍቲም አለው፣ 9×19 የሚባለውን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይትም ይጎርሳል። የተሠራውን ነገር «ሥሩልን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ፋብሪካው ቀሪውንም ደብዳቤ አያነብላችሁም። ጠይቁ፣ አስፈልጉ፤ ካልተገኘ ጻፉ።

«9 ሚሊ ሜትር» ብሎ ማቆም ክልክል ነው

እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ ልናገር፤ ምኞት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው።

9×17 አለ፤ በወረራው ዘመን የጣሊያን መኮንኖች የታጠቁት ቤሬታ 1934 የሚጎርሰው ነው። 9×18 አለ፤ የማካሮቭ ነው። 9×19 አለ፤ ብራውኒንግ ሃይ ፓወርና ግሎክ 17 የሚባሉት ሽጉጦች የሚጎርሱት። የመጀመሪያው ቁጥር የጥይቱ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ልዩነቱ ግን በርዝመት ብቻ አያበቃም፤ የማካሮቭ ጥይት እርሳሱ ራሱ ከሌሎቹ ወፈር ይላል፣ ወደ 9.2 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ የአንዱን በሌላው ልሞክር ማለት አይታሰብም። ምኞታችሁ ላይም ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ።

አሁን ወደ ተወዳጁ ምኞት፦ «ማካሮቭ መጠኗም ክብደቷም ሳይነካ 9×19 ትጉረስ።» የማካሮቭ አፈሙዝ ከሥረኛው ብረት ጋር የተጣበቀ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ሲተኮስ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ የሚሰደው የጥይቱ ግፊት ነው፤ ቶሎ እንዳይከፈት የሚይዘው ደግሞ የራሱ ክብደትና ስፕሪንጉ ብቻ። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ከ1951 ጀምሮ ያኖራትም እሱ ነው። 9×19 ግን ግፊቱ ይበልጣል። በዚያው አሠራር ይሁን ካላችሁ የላይ ብረቱ ይከብዳል፣ ስፕሪንጉም ይጠጥራል፤ ለማቀባበልም ክንድ ይጠይቃል። ክብደት አንፈልግም ካላችሁ አሜሪካዊው የሽጉጥ ፈልሳፊ ጆን ብራውኒንግ ወደ ቀየሰው መንገድ መሄድ ነው፦ አፈሙዙና የላይ ብረቱ ተቆላልፈው ጥቂት አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ከዚያ የአፈሙዙ ኋላ ዝቅ ይልና ይላቀቃሉ። ያ ሲሆን ግን የያዛችኋት ማካሮቭ አይደለችም፤ ሌላ ሽጉጥ ናት። ደብዳቤው ከሁለቱ አንዱን መርጦ «ክብደቱን እችላለሁ» ወይም «አሠራሩ ይቀየር» ካላለ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ይቀራል።

ቁጥሩን በእንጨት ፈትኑት

«ትንሽ ትሁን፣ ቀላል ትሁን» ቁጥር አይደለም። ማካሮቭ ባዶዋን 730 ግራም ናት፣ ርዝመቷ 161 ሚሊ ሜትር። ቶካሬቭ ከ850 ግራም ጥቂት ያልፋል፣ ርዝመቱም ወደ 195 ሚሊ ሜትር ነው። ከምታውቋት ሽጉጥ ተነሱና ስንት ግራምና ስንት ሚሊ ሜትር እንዲቀነስ ወይም እንዲጨመር ጻፉ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ቅርጹን ሥሩት። እኔ ለቆዳ መወጠሪያ የምቀርጸው ከዋንዛ ነው፤ ለቢላ ይታዘዛል፣ ቶሎም አይሰነጠቅም። ቅርጹን ጠርባችሁ ጎኑን ብሱና የምስማር ስብርባሪ እየሞላችሁ የሱቅ ሚዛን ላይ አድርጉት፣ የምትመኙት ክብደት ላይ እስኪደርስ። የጥይቱን አትርሱ፤ የማካሮቭ ጥይት አንዱ ወደ 10 ግራም ነው፣ ስለዚህ 8 የጎረሰች ማካሮቭ ወገብ ላይ የምትውለው በ810 ግራም ግድም ነው። የሚለካው እውነተኛ ሽጉጥ ከሆነ ባለቤቱ ካርታውን፣ ማለትም ጥይት የሚደረደርበትን ሳጥን፣ ያውጣ፣ የላይ ብረቱን ይሳብ፣ ጥይቱ ለመተኮስ የሚገባበትን ጉሮሮ በዐይኑም በጣቱም ያረጋግጥ። ካርታ ወጣ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ የሚባርቀው ያቺ ጉሮሮ ውስጥ የቀረችው ናት። እኔ ይህ ሳይደረግ ሜትሬን አላነሳም፣ የመጣው ሰው ማንም ይሁን።

እንጨቱን ቀይ ወይም ቢጫ ቀቡትና ቤት ውስጥ ታጠቁት። ከግቢ እንዳይወጣ፤ ኬላ ላይ እንጨት መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ የሚሰጣችሁ የለም። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጡበት፣ ጎንበስ ብላችሁ ጫማ እሰሩበት፣ ጋቢ ደርቡበት፣ ግቢያችሁ ውስጥ በቅሎ ካለችም ውጡበት። ያኔ ደንበኞቼን ሁሉ የሚያስገርም ነገር ይገባችኋል፦ ሰው የሚያማርረው ርዝመትን ነው፣ የሚያሰቃየው ግን ውፍረት ነው። ረጅም አፈሙዝ ጭን ላይ ይተኛል። ወፍራም እጀታ ግን ወደ ጎን ይወጣል፣ ጋቢውን ያነሳል፣ ሚኒባስ ውስጥ የጎረቤትን ጎን ይወጋል። ስለዚህ «12 ትጉረስ» ከማለታችሁ በፊት 12 ጥይት ሁለት ረድፍ ሆኖ የሚተኛበትን እጀታ በእንጨት ጨብጡት።

የተሰማ ምኞት ምን ይመስላል?

ፋብሪካ አይሰማም የሚሉ አሉ። ይሰማል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። የግሎክ ወዳጆች ጥይቱ በአንድ ረድፍ የሚተኛ ቀጭን 9×19 ሥሩልን ብለው ብዙ ጮኹ። በ2014 ግሎክ 42 ወጣ፤ ቀጭን ነው፣ ግን የሚጎርሰው 9×17 ሆነ፣ ብዙ ሰውም አኮረፈ። በማግሥቱ ዓመት ግሎክ 43 በ9×19 መጣ። ልብ በሉ፤ የሁለተኛው ጩኸት ጥያቄ አንዲት ነገር ናት፤ ጥይቱ ይቀየር።

የአሜሪካው ኮልት ፋብሪካ ፓይተን የሚለው ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ከ1955 ጀምሮ የተሠራ ስድስት ጎራሽ ነው፤ በ2005 ቆመ፣ ተወዳጅነቱ ግን አልቆመም፣ በ2020 ተመለሰ። መልኩ የድሮው ነው፣ ውስጡ ግን በጥቂት ክፍሎች ቀለል ብሏል።

የሃይ ፓወር ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። የቤልጅጉ ፋብሪካ ኤፍኤን ከ1935 ጀምሮ ከ80 ዓመት በላይ ሠርቶት ተወው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሜሪካው ፋብሪካ ስፕሪንግፊልድ ሰዎች በ2021 ኤስኤ-35 ብለው የድሮውን አካል ይዘው መጡ፣ የቱርኩ ጊርሳንም የራሱን አወጣ። በ2022 ኤፍኤን ራሱ በዚያው ስም ሽጉጥ አቀረበ፤ ይሄኛው ግን 17 ይጎርሳል፣ የድሮውም ካርታ አይገባበትም። አሮጌ ካርታ በሳጥን ያስቀመጠ ሰው «ይመለስልን» ሲል የፈለገው ይህን አልነበረም። «ይመለስ» ብላችሁ ስትጽፉ የትኛው ነገር እንዳይነካ ዘርዝሩ፦ ካርታው ነው? እጀታው ነው? ወይስ መልኩ ብቻ?

በኤስኤ-35 ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የድሮው ሃይ ፓወር ካርታው ሲወጣ አይተኩስም ነበር። አፍቃሪዎቹ ይህ ነገር ቃታውን ያከብደዋል እያሉ እንዲነሳ ተመኙ፣ ስፕሪንግፊልድም አነሳው። የዒላማ ተኳሽ ይደሰት ይሆናል። እኔ ግን ሽጉጥ ከእህል ጎታ ጀርባ ተደብቆ ልጅ የሚያገኝበትን ቤት አውቃለሁ፤ ለኔ ቢጽፉልኝ ኖሮ እንዳይነሳ እል ነበር።

ሁለት የማይደረጉ

መመኘት ፈቃድ አይጠይቅም፤ መያዝ ግን ይጠይቃል፣ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብቡ። ሁለተኛ፣ ፋብሪካው ዘገየ ብላችሁ ለቀጥቃጭ ወይም ለብየዳ ቤት «እንዲህ አድርገህ ቀይርልኝ» እንዳትሉ። በተለይ ድምፅ ብቻ እንድታሰማ ተብላ የተሠራችውን የቱርክ ሽጉጥ አስበስቶ እውነተኛ ጥይት ማጉረስ ወንጀልም ነው፣ ብረቱም ያንን ግፊት እንዲችል አልተሠራም፤ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ደብዳቤው

አጭር ይሁን፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ከየትኛው ሞዴል እንደተነሳችሁ፣ ምን አንድ ነገር እንዲቀየር፣ ምን እንዳይነካ፣ ማን እንደሚገዛው። ዋጋ አትተምኑላቸው። የኔን ለምሳሌ ላስቀምጥ፦

«እኔ በኢትዮጵያ፣ በጎጃም የሽጉጥ አፎት ሰፊ ነኝ። አዲስ ሞዴል አልጠይቅም። አሁን የምትሠሩት ቀጭን 9×19 ሽጉጥ እጀታው ግርጌ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የማንገቻ ቀለበት ይኑረው። ማካሮቭ ይህ ቀለበት አላት፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ትንንሽ ሽጉጦች ትተውታል። የኔ ደንበኞች በቅሎና ፈረስ ይቀመጣሉ፣ የዓባይን ገደል በእግር ይወርዳሉ፤ ሽጉጥ ከአፎት ወጥቶ ቢወድቅ በማንገቻው ተንጠልጥሎ መቅረት አለበት። ቀለበቱ ካርታ ሲወጣ እንዳያግድ፣ ሲታጠፍ ከእጀታው ጋር እኩል እንዲተኛ እፈልጋለሁ። ውፍረቱ፣ ክብደቱና ካርታው እንዳሉ ይቆዩ። የካርታ መልቀቂያው ቁልፍም ከፍ እንዳይል፤ ቆዳ ይጫነውና ካርታው መንገድ ላይ ይወድቃል።»

ይህን እንግሊዝኛ በሚችል ሰው አስተርጉሙ፤ የጥይቱን ቁጥርና ሚሊ ሜትሩን ግን ራሳችሁ አመሳክሩ፣ ተርጓሚ የሚስተው እሱን ነው። የእንጨቱን ቅርጽ በጎንና በፊት ለፊት፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስተኝታችሁ ፎቶ አንሱና አያይዙ። ቀለበቱን ወይም የተቀየረውን ክፍል በሌላ ቀለም ቀቡት፤ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።