ለሁለት የሚሆን የካርታ ጨዋታ አጥተን፣ በጂን ራሚ ተገላገልን

እኔና ባለቤቴ እዚህ ሐዋሳ ማታ ማታ ካርታ መጫወት እንወዳለን። ችግሩ፣ የምናውቃቸው ጨዋታዎች ሰው ሲበዛ ነው የሚደምቁት። ለሁለት ሲሆኑ ወይ ዕድል ብቻ ይሆናሉ፣ ወይ አንዱ ሌላውን ሲያሳድድ ያመሽና ኩርፊያ ይመጣል።

መፍትሔው ጂን ራሚ ሆነ። ተራው 52 ካርታ ይበቃል። ለእያንዳንዱ 10 ይታደላል፣ በየተራ አንድ አንስታችሁ አንድ ትጥላላችሁ፤ የምትሰበስቡት ሦስት ወይም አራት ተመሳሳይ ቁጥር፣ አለዚያም አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ካርታዎች ነው። ያልተገጣጠሙላችሁ ካርታዎች ድምር 10 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ዙሩን መዝጋት ትችላላችሁ፤ ባለ ምስሎቹ እያንዳንዳቸው 10 ይቆጠራሉ።

ጣዕሙ እዚህ ጋ ነው፦ አሁን ልዝጋ ወይስ ትንሽ ልጠብቅ? እሱ የጣልኩትን 7 ቁጥር ብድግ ካደረገ፣ እጄ ላይ የቀረችውን 7 ባትጠቅመኝም አልለቃትም። የሰውዬውን ሐሳብ እንዲህ መከታተል በጣም ደስ ይላል፣ ወሬም አያቋርጥም።

እስከ 100 ነጥብ መጫወት ይረዝማል፤ በማግስቱ ሥራ ካለ 50 ላይ እናቆማለን። ሐይቁ ዳር የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ እንዳይበትነው ክምሩ ላይ ጠጠር አድርጉበት።