የድሮ ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ መለዋወጫ ሲገዙና ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእጄ ካለፉት የድሮ ተንቀሳቃሽ ሬዲዮዎች ውስጥ ዕድሜ ከጎዳቸው ይልቅ ጥገና የጎዳቸው ይበዛሉ። ስድሳ ዓመት በደህና ኖሮ፣ የማይሆነው አዳፕተር በተሰካበት ቅጽበት ዝም ያለ ሬዲዮ ሲመጣልኝ ከልቤ አዝናለሁ። የተቃጠለውን ትራንዚስተር ፋብሪካ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ የተሰነጠቀውን ሽፋንም ዳግም የሚያወጣ የለም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹንም ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ሳይመረምሩ መግዛት

ሬዲዮው ድምፅ ሲያጣ ብዙ ሰው በቀጥታ ስፒከር ፍለጋ ይወጣል። ስፒከር ግን በቀላሉ አይሞትም። አንዱን ሽቦውን ከሬዲዮው ለይተው፣ ጫፎቹን በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ነካ ያድርጓቸው። «ጠቅ» ካለ ስፒከሩ በሕይወት አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ላይ ነው። መሰኪያው ውስጥ፣ ማዳመጫ ሲገባ ስፒከሩን የምታቋርጥ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። እሷ ከዛገች ወይም ከተጣመመች ማዳመጫ ባይሰካም ስፒከሩ እንደተቋረጠ ይቀራል። ማዳመጫውን አሥር ጊዜ ያህል ሰክቶ መንቀል ብቻ ድምፁን ሲመልስ አይቻለሁ።

የሚንኮሻኮሽ ቮልዩምም እንደዚሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ቆሻሻ እንጂ ስብራት አይደለም። ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ ጠብ አድርጎ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማዞር ይበቃዋል። በእርግጥ ካለቀ ደግሞ ምትኩ ሲገዛ በላዩ የተጻፈውን የኦም (የመቋቋም) መጠን ማመሳሰል ብቻ አይበቃም፤ ማብሪያ ማጥፊያው አብሮት መኖሩንና ዓይነቱ ሎጋሪዝማዊ፣ ማለትም ለጆሮ ድምፁን ቀስ በቀስ የሚጨምር መሆኑን ያረጋግጡ። ሊኒየር የሚባለው ከተገጠመ ገና ትንሽ ሲያዞሩት ድምፁ ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ሁሉ ብዙም ለውጥ አያመጣም።

የሞዴሉን ስም ብቻ ይዞ መሄድ

አንድ ሞዴል ለዓመታት ሲመረት ውስጡ ይለዋወጣል። ስሙ ያው ሆኖ ትራንዚስተሩ፣ ባትሪ ቤቱ፣ ማዞሪያው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሽፋኑን ከፍተው የሻሲውን (ዕቃዎቹ የተገጠሙበትን የውስጥ አካል) ቁጥር ያንብቡ፤ አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ሥዕላቸው በኋላ ክዳናቸው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የሚተካውን ዕቃ ፎቶ አንሥተው፣ በማስመሪያ ለክተው ይሂዱ።

«ቮልቱ አንድ ነው» ብሎ መተማመን

ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት።

በመጀመሪያ፣ የድሮ ሬዲዮ ሁሉ 9 ቮልት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የትራንዚስተር ሬዲዮ ሪጀንሲ ቲአር-1 የሚሠራው በ22.5 ቮልት ባትሪ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት፣ በትራንዚስተር ፋንታ ቫልቭ የሚባል የመስታወት አምፖል የነበራቸው ተንቀሳቃሾች ደግሞ ሁለት ባትሪ ይፈልጋሉ፦ ለቫልቮቹ ማሞቂያ ክር 1.5 ቮልት፣ ለተቀረው 67.5 ወይም 90 ቮልት። ሁለቱን ማምታታት ማለት በአንድ ጊዜ የቫልቮቹን ክሮች ሁሉ በጥሶ መገላገል ማለት ነው። ባትሪውን የሚተካ ሳጥን ሲገዙም ሆነ ሲሠሩ፣ ከማገናኘትዎ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ይለኩ።

ሁለተኛው የአዳፕተሩ ነገር ነው። ቮልቱ ልክ ሆኖ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሊገለበጥ ይችላል። በድሮ ሬዲዮዎች ላይ የመሰኪያው መሐል ኔጋቲቭ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው አዳፕተር ግን አብዛኛው መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። በዚያ ላይ ትራንዚስተራቸው ጀርማኒየም ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ ብዙዎቹ ቀደምት ሬዲዮዎች ሻሲያቸው የተያያዘው ከፖዘቲቩ ጋር ነው። «ሻሲ ኔጋቲቭ ነው» የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ይጥላል። በሬዲዮው ጀርባ የተሣለችውን ክብ ምልክት አይተው፣ የአዳፕተሩን ጫፍም ለክተው ካልተስማሙ አይሰኩ። ትራንስፎርመር ያለባቸው የድሮ አዳፕተሮች ደግሞ ሸክም ሳይኖርባቸው ከተጻፈባቸው ቮልት በላይ ይሰጣሉ፤ 9 ተብሎ 12 ወይም 13 ቢያነቡ አይገረሙ፤ ስስ ለሆነ ሬዲዮም አይስጡት።

ሦስተኛው ጉዳት አያደርስም፤ ግን ሰውን ያደክማል። አዲሶቹ ቀላል አዳፕተሮችና በስልክ ገመድ የሚሞሉት 9 ቮልት የሊቲየም ባትሪዎች ውስጣቸው በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋ ሰርኪዩት አለ። ያ ሰርኪዩት ራሱ ጩኸት ያሰራጫል፤ መካከለኛ ሞገድ (ኤኤም) ላይ ጣቢያው በ«ዝዝዝ» ይዋጣል። ሰዎች ሬዲዮው ተበላሸ ብለው ሌላ ዕቃ መግዛት ይጀምራሉ። ተራ የባትሪ ድንጋይ ሲገባ ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም። ትልቁን የ9 ቮልት ባትሪ ለሚፈልግ ሬዲዮ እኔ የምመርጠው ስድስት ትናንሽ 1.5 ቮልት ድንጋዮች የሚይዝ ማቀፊያ ነው፤ ድምፁም ንጹሕ ነው፣ ዕድሜውም ከትንሿ 9 ቮልት ይረዝማል።

የፈሰሰ ባትሪን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ

ሞላውንና ምላሱን የሸፈነው ስስ ቅብ ሲፋቅ ብረቱ እንደገና ይዝጋል፤ በሁለት ወር ውስጥ ሌላ መለዋወጫ ፍለጋ ነው። የፈሰሰው አልካላይን ከሆነ አቼቶ የነካ ጥጥ ያሟሟዋል፤ የቀድሞው የዚንክና የካርቦን ድንጋይ ፈሳሽ አሲድነት ስላለው በውኃ የራሰ ቤኪንግ ሶዳ ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ ነው።

ሳይከፈት የቆየን ካፓሲተር አዲስ ነው ብሎ መግዛት

ካፓሲተር የኤሌክትሪክ ኃይል ለጊዜው የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ ያለው ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ዓይነት በመደርደሪያም ላይ ያረጃል። ከሬዲዮው ጋር በአንድ ዘመን የተሠራ፣ በካርቶኑ የተቀመጠ ዕቃ መልኩ ያጓጓል፤ ውስጡ ግን ደርቆ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የተመረተውን ይግዙ። በላዩ በማይክሮፋራድ የተጻፈው የመያዝ አቅሙ ከቀድሞው ጋር ተቀራራቢ፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ 10 ቮልት በነበረበት 16 ወይም 25 ቢገባ ችግር የለውም፤ ከ10 ማነስ ግን የለበትም። የሻሲው ነገር እዚህም ይመለሳል፦ ፖዘቲቭ ሻሲ ባለው ሬዲዮ የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ እግር ወደ ሻሲው የሚሄድበት ቦታ አለ። አሮጌው እንዴት እንደነበረ ሳያዩ አይንቀሉ፤ አንዱን ነቅለው፣ ተክተው፣ ሬዲዮውን ከፍተው ሰምተው ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሁሉንም በአንድ ምሽት የቀየረ ሰው ሬዲዮው ቢዘጋበት የቱ እንደሆነ አያውቅም። የሴራሚክና የሚካ ካፓሲተሮችን ያለምክንያት አይንኩ፤ እነሱ እንደዚያ አያረጁም።

ጀርማኒየምን በሲሊኮን መተካት

ሁለቱ የትራንዚስተር ዓይነቶች አብዛኛውን ጊዜ ባለሦስት እግር ስለሆኑ ይመሳሰላሉ። ግን ጀርማኒየም ለመሥራት መነሻው 0.2 ቮልት ገደማ ሲሆን ሲሊኮን 0.6 አካባቢ ይፈልጋል። በዙሪያው ያሉት ሬዚስተሮች የተሰሉት ለመጀመሪያው ስለሆነ፣ ሲሊኮን ሲገባ ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ሲበየድም ጀርማኒየም ሙቀት አይችልም፤ እግሩን በፒንሳ ይዞ ሙቀቱን ማስቀረት ያስፈልጋል።

ከመግዛት በፊት ግን አንድ ነገር ይወቁ። ኤኤፍ 114፣ 115፣ 116 እና 117 የሚባሉት ትራንዚስተሮች አራት እግር አላቸው፤ አራተኛው ከቆርቆሮ ቤታቸው ጋር የተያያዘ ነው። በዓመታት ውስጥ ከቤቱ ግድግዳ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን የቆርቆሮ ክሮች ይበቅሉና ውስጡን ከቤቱ ጋር ያገናኙታል፤ ሬዲዮውም ይደነቁራል። አራተኛውን እግር ብቻ መቁረጥ ብዙዎቹን ያስነሣቸዋል። በካርቶኑ ያለው «ያልተነካ» የሚባለውም ያው ክር ሊያበቅል ስለሚችል፣ እሱን በውድ ከመግዛት በፊት ይህን ይሞክሩ።

ለመካከለኛ ሞገድ ዘንግ አንቴና መግዛት

የሚመዘዘው አንቴና ለኤፍኤምና ለአጭር ሞገድ ነው። መካከለኛ ሞገድን በአብዛኞቹ ተንቀሳቃሾች የሚቀበለው ውስጥ ያለው፣ ሽቦ የተጠቀለለበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ ነው። ኤኤም ደክሞ ኤፍኤም ደህና ከሆነ አዲስ አንቴና አይረዳም፤ ዘንጉ ተሰብሮ ወይም ፀጉር የሚያካክለው ሽቦው ተበጥሶ እንደሆነ ይዩ። ፌራይት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ ስብራቱ ንጹሕ ከሆነ ጫፎቹን አጥብቆ ገጥሞ በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ይቻላል። ኤፍኤም ከሆነ የሚያስፈልግዎ፣ ተመዝዞ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚደርስ ይበቃል። ሲገዙ የተዘጋ ርዝመቱን፣ የግርጌውን ውፍረትና የሚታሰርበትን ብሎን ይለኩ፤ ሲዘጋ በሽፋኑ ላይ ያለው ቦይ የማይበቃው አንቴና ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል።

ፕላስቲኩን መርሳት

የብዙዎቹ ሽፋንና የቁጥር መስታወት ፖሊስታይሪን ነው። አሴቶንና ቀጭን የቀለም ማሟሟያ በቅጽበት ያደበዝዘዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የአዳፕተሩ ገመድ ነው፦ ለስላሳው የፒቪሲ ልባስ ሬዲዮው ላይ ተጠቅልሎ ለዓመታት ከቆየ ፕላስቲኩን አቅልጦ ቅርጹን ያትምበታል። ገመዱን ለብቻው ያስቀምጡ። ማዞሪያ ሲያወጡ በካቻቪቴ አይፈንቅሉ፤ ከሥሩ የጨርቅ ቁራጭ አሳልፈው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ምትኩን ሲፈልጉም የዘንጉን ውፍረት ይለኩ፤ 6 እና 6.35 ሚሊ ሜትር በዓይን አይለዩም።

የጣቢያ ጠቋሚው ክር ከተበጠሰ የማይለጠጥ የተጎነጎነ ክር ይግዙ፤ ለስላሳው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል። አሮጌው ክር ከመውጣቱ በፊት አካሄዱን በወረቀት ይሣሉት። የቆዳ ማህደሩን በተመለከተ አጭር ነው፦ ሬዲዮውን ባትሪ እንደያዘ ውስጡ ዘግተው አያቆዩ።

የወጣውን ዕቃ መጣል

አሮጌውን ካፓሲተር፣ የደነቆረውን ትራንዚስተር፣ የተሰበረውን ማዞሪያ በትንሽ ከረጢት ከተነሣበት ቦታ ስም ጋር ያስቀምጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሬዲዮውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያነበው ከዚያ ላይ ነው። የአሮጌው ካፓሲተር ቀፎም ይጠቅማል። የዛሬዎቹ ካፓሲተሮች ያነሱ ስለሆኑ፣ ውስጡ ተጠርጎ አዲሱ ይገባበታል፤ ክዳኑ ሲነሣ ሬዲዮው ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ይታያል።