ለእርግዝና ስኳር ምርመራ ከመሄድሽ በፊት
ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የ75 ግራም ግሉኮስ ምርመራ ከታዘዘልሽ፣ ውጤቱ እንዲያምር ብለሽ እንጀራና ዳቦ አትቀንሺ። ሰውነት ለቀናት እንዲህ ያለ ምግብ ሲቀርበት ድንገት የገባውን ስኳር ቶሎ ስለማያነሳ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ያሉትን ሦስት ቀናት እንደወትሮሽ ብዪ። ከዚያ ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም፤ ቡናም ማስቲካም አይሆንም። ግሉኮሱ የተበጠበጠበትን ብርጭቆ ውሃ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጨርሺው። ካስመለሰሽ ደብቀሽ አትቀመጪ፣ ለላብራቶሪው ንገሪ፤ ውጤቱ ስለማይታመን በሌላ ቀን ይደገማል። ከጠጣሽ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለሽ ጠብቂ፤ መንጎራደድ ቁጥሩን ያወርደዋል።

የደም ስኳርሽ በባዶ ሆድ 92፣ ከጠጣሽ በኋላ በአንድ ሰዓት 180፣ በሁለት ሰዓት 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ነው። ጣፋጭ በላሁ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ፤ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚቀንሰውን የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚያዳክሙት ነው።