ማግኔቱ ዲኤንኤን አይስብም፦ ከቤተ ሙከራ የተለቀሙ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ በማግኔት በሚሳቡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከጤፍ ቅጠል ዲኤንኤ ማውጣት ስጀምር፣ ዲኤንኤውን የሚይዘው ማግኔቱ ይመስለኝ ነበር። ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ማግኔቱ የሚስበው በቅንጣቷ ውስጥ ያለውን የብረት ኦክሳይድ ነው። ዲኤንኤው የሚለጠፈው ብረቱን በሸፈነው ሲሊካ (እንደ መስታወት ያለ ነገር) ላይ ነው። በተራ ውኃ ውስጥ ግን ሲሊካውም ዲኤንኤውም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። የሚያስታርቃቸው እንደ ጓኒዲን ያለ ጨው ነው። በብዛት ሲገባ ግፊያውን ያበርዳል፣ በዙሪያቸው ያለውንም ውኃ ይነጥቃል። ያኔ ዲኤንኤው ልጥፍ ይላል። ጨው ሲጠፋ ደግሞ ይለቃል።

ይህን ስንረሳ ነው «ናሙናው ይብዛ፣ ብዙ ዲኤንኤ ይወጣል» የምንለው። ናሙናው ውኃ ይዞ ይገባል፣ ጨው ይቀጥናል፣ ዲኤንኤውም ሳይለጠፍ ከፍሳሹ ጋር ይደፋል።

የማርቆስን ብርድም አትናቁት። ጠዋት የጓኒዲኑ ፈሳሽ ጠርሙስ ሥር ነጭ ነገር ከረጋ ጨዉ ነው። ላይ ላዩን ቀድታችሁ አትጀምሩ። 37 ዲግሪ ላይ አሙቁትና እስኪሟሟ ጠብቁ።

ሽፋን ሁሉ አንድ አይደለም። በሲሊካ ፈንታ ካርቦክሲል የተባለ ኬሚካል የተቀባው ቅንጣት ዲኤንኤን የሚይዘው ፒኢጂ በተባለ ፖሊመርና በገበታ ጨው ነው። እሱ ላይ መጠን ወሳኝ ነው፤ ፒኢጂ ያለበትን ፈሳሽ ከናሙናው 1.8 እጥፍ ስታደርጉ የሚያዙት አጫጭር ቁርጥራጮች፣ 0.8 እጥፍ ስታደርጉት ያመልጣሉ።

እኔን ብዙ ያስለቀሰኝ ግን ማድረቁ ነው። ቅንጣቶቹን በኤታኖል ካጠብን በኋላ ኤታኖሉ ካልበነነ ፒሲአሩ (ዲኤንኤን የሚያባዛው ሥራ) አይሠራም። ስለዚህ አብዝተን እናደርቃለን። በበጋ ደረቅ አየር ኤታኖል ቶሎ ይተናል። አንድ ቀን መመሪያው ያለውን 10 ደቂቃ ሙሉ ጠበቅሁ። ቱቦውን ሳየው ቡናማው የቅንጣት ክምር እንደ ጥር ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል። ፈሳሽ ባፈስበትም አልበተን አለ፣ ዲኤንኤውም እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሳይሆን ክምሩን ነው የማየው። ማብረቅረቁን ትቶ ደብዘዝ ሲል፣ ገና ሳይሰነጠቅ፣ ወዲያው ዲኤንኤውን የሚያስለቅቀውን ማውጫ ፈሳሽ እጨምራለሁ። ፈሳሹም ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 እስከ 8.5 የሆነ፣ ትሪስ የተባለ ፒኤችን የሚያረጋጋ ፈሳሽ ቢሆን ይሻላል።

ጓኒዲን ያለበትን ፍሳሽ በፍጹም ከበረኪና ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ለብቻው ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሙት፣ ላዩ ላይም ምን እንደሆነ ጻፉበት።