ሞንታርቦ ከላይ ልትሰቅሉ ነው?

ጥር ሲገባ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ሰርግ በሰርግ ነው። ድምፅ ለምትሠሩ ልጆች አንድ ነገር ልበል፦ ሞንታርቦ በእጀታው አይሰቀልም። እጀታው ለሸክም ነው። ፋብሪካው ያዘጋጀው የመስቀያ ቀዳዳ ከሌለው ማቆሚያው ላይ ይቁም። ለድንኳን ሰርግ እሱም ከበቂ በላይ ነው፤ ጎረቤትም ይተኛ እንጂ!

የግድ ይሰቀል ከተባለ ካቦው (የብረት ገመዱ) እንዴት እንደተወጠረ እዩ። 50 ኪሎ የሚመዝን ሞንታርቦ በሁለት ካቦ ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል እያንዳንዱ 25 ኪሎ ይይዛል። ካቦዎቹ ግራና ቀኝ ተለጥጠው ከአግድም 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ካሉ ግን፣ እያንዳንዱ ሙሉውን 50 ኪሎ ይሸከማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። ስለዚህ ካቦው አቅሙ የተጻፈበትና ከጭነቱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ይሁን። ሲባጎና ናይለን ገመድ አይታሰብም። በሌላ ቦታ የታሰረ መጠባበቂያ ካቦም ጨምሩ፤ ብዙ ሳይላላ። ዋናው ቢበጠስ እሱ ይይዘዋል።

የድንኳኑ ብረት ደግሞ ሸራ እንዲሸከም ነው የተሠራው። የደጋው ንፋስ ሸራውን ሲያወዛውዘው ብሎኑ ቀስ በቀስ ይላላል። የባሕር ዛፍ አጣናማ ባይነሳ ይሻላል።

ደጋሹ «ሙሽሮቹ ደረሱ፣ ቶሎ በል ባክህ!» ቢልም አትቸኩሉ። ቢወድቅ ተጠያቂው የሰቀለው ነው። ካልተመቻችሁ «አልሰቅልም» በሉ። ሲሰቀልም ሲወርድም ከሥሩ ሰው አይቁም፣ በተለይ ሕፃናት።